ከቀላል ግጭት በኋላ የኋላ ፍሬን ሲይዝ፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

መኪናው ከኋላ ትንሽ ተገጨ። ፓራውልቱ ገባ፣ አንድ መብራት ተሰነጠቀ፣ ሰው ግን አልተጎዳም። ከዚያ ሊነሳ ሲል የኋላ ጎማዎች አንዞርም አሉ። ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሽ ይገባል፣ መኪናው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ወይም ይነሳና እየተጎተተ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶም የሚቃጠል ነገር ይሸታል።

ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ነዳጅ ሰጥቶ አስገድዶ ለመንዳት ይሞክራል። አንዳንዱ ደግሞ ወዲያው ጎማውን ፈቶ ታምቡሩን (ከጎማው ጀርባ ያለውን የፍሬን ከበሮ) በመዶሻ ይቀጠቅጣል። እባካችሁ ሁለቱንም ተዉት። የመጀመሪያው ጎማውን ይልጣል፣ ፍሬኑንም ያቃጥላል። ሁለተኛው ደህናውን ዕቃ ይሰብራል። ከዚህም የከፋው፣ መዶሻው ፍሬኑን ቢያስለቅቅላችሁ እንኳ ምን ይዞት እንደነበር አታውቁም። ያላወቃችሁት ነገር ደግሞ ነገ መንገድ ላይ ተመልሶ ሊይዝ ይችላል።

የያዘ ፍሬን ዝም ብሎ አይይዝም። የያዘው አንድ ኃይል አለ። ይህ ኃይል ከሦስት አንዱ ነው፦ የእጅ ፍሬን (በገመድም ይሁን በሞተር የሚሠራ)፣ ቱቦ ውስጥ ታስሮ የቀረ የፍሬን ዘይት ግፊት፣ ወይም የተጣመመ ወይም ከቦታው የወጣ ብረት። ሥራችሁ እነዚህን በየተራ መልቀቅና ጎማው በየትኛው እንደተፈታ ማየት ነው። ጎማውን የፈታው እርምጃ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁ ግን መልሱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መኪናውን ከመንካታችሁ በፊት

መጀመሪያ አሽትቱ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከሸተተ ቁልፉን አጥፍታችሁ ራቁ። በብዙ መኪና የነዳጅ ታንከሩ ከኋላ ወንበር በታች ስለሆነ የኋላ ግጭት ቧንቧውን ሊነካው ይችላል። መኪናው ሃይብሪድ ወይም ሙሉ ኤሌክትሪክ ከሆነና የተጎዳው ቦታ አካባቢ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እሱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ የሰለጠነ ሰው ይጠራ።

ለኢንሹራንስ የሚያስፈልጉትን ፎቶዎች አሁን አንሱ። ከስር ያሉትንም ጨምሩ። አንዴ ከፈታችሁ በኋላ የትኛው ጉዳት ከግጭቱ እንደመጣ ማስረዳት ከባድ ይሆናል።

ቀጥሎ መሬቱ። የምትሠሩት ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ብቻ ነው። ይህ ሥራ ከሌላው የፍሬን ሥራ የሚለይበት አንድ አደጋ አለው። አሁን መኪናውን ያቆመው የያዘው የኋላ ፍሬን ነው፤ እናንተ ደግሞ እሱኑ ልትለቁት ነው። ሲለቀቅ መኪናውን የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። የኋላውን ካነሳችሁ በኋላ መኪናውን በሁለት የብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉት፣ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ አለመነቃነቁን እዩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ግቡ። ግጭቱ ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ አጣሞት ከሆነ ሌላ ጠንካራ ነጥብ ፈልጉ። ካላገኛችሁ አታንሱት።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። ክሪክ፣ ሁለት መደገፊያ፣ ታኮ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ለአየር ማስወጫው ቡሎን የሚሆን ድፍን ዙሪያ ያለው ቁልፍ (አብዛኛውን ጊዜ 8፣ 10 ወይም 11 ሚሊሜትር ነው)፣ ጠርሙስና የሚያሳይ ቀጭን ላስቲክ፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ባትሪ መብራት፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ። የፍሬን ዘይት ዓይን ይጎዳል፣ ቀለምም ይልጣል። አጠገባችሁ ውኃ ይኑር።

ያዘ የተባለው በእርግጥ ፍሬን ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የኋላ ጎማ እንዳይዞር የሚያደርገው ፍሬን ብቻ አይደለም።

ጎማውን ዙሪያውን እዩት። የተጫነ ፓራውልት ወይም ወደ ውስጥ የገባ ፓራፋንጎ ጎማውን ነክቶት ሊሆን ይችላል። ጎማው ላይ አዲስ የተፋቀ ጥቁር መስመር ካለ መልሱ እሱ ነው፤ ቆርቆሮውን ወደ ውጭ መሳብ ይበቃል። ከዚያ የግራውንና የቀኙን የኋላ ጎማ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ያላቸውን ርቀት አወዳድሩ። አንዱ ወደፊት ወይም ወደ ውስጥ ከሄደ አክስሉ ወይም የተያያዘበት ክንድ ተገፍቷል። ይህን አስታውሱት፣ በኋላ ይጠቅማል።

የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ከሆነ ካምቢዮንም ጠርጥሩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ «ፒ» ላይ ሲሆን የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። ባትሪው በግጭቱ ከተቋረጠ ብዙ መኪኖች ከ«ፒ» አይወጡም። ሹፌሩም ፍሬን ያዘ ይላል። በብዙዎቹ ላይ ከማርሽ መምረጫው አጠገብ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ የእጅ መልቀቂያ አለ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቦታውን ያሳያል።

ሁለቱን ለመለየት ጥሩ ፈተና አለ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከመሬት አንሱና አንዱን በእጅ አዙሩት። ሌላኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ፍሬኑ ነጻ ነው፤ የያዘው ካምቢዮ ነው። ሁለቱም ፈጽሞ ካልተነቃነቁ ወደ ፍሬኑ እንሄዳለን። (ጎማዎቹን እኩል ለማዞር የሚታገል ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል ባለው መኪና ላይ ይህ ፈተና አያስተማምንም።) የፊት ጎማ በሚነዳው መኪና ላይ ግን ካምቢዮው ከኋላ ጎማዎች ጋር አይገናኝም። እዚያ ማርሽን ተዉትና ቀጥሉ።

ጎማው ጥቂት ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ቢይዝስ? ያ የታሰረ ግፊት ምልክት አይደለም። የሚዞር ነገር ተጣሟል፦ ዲስኩ (በታምቡር ፋንታ ፍሬኑ የሚነክሰው ክብ ብረት)፣ ታምቡሩ፣ ቸርኬው ወይም ጎማው የሚታሰርበት ሃብ። ግፊት ወይም ገመድ ሲሆን አያያዙ ዙሪያውን እኩል ነው። እጃችሁ ይህን ልዩነት በደንብ ይነግራችኋል፤ ስለዚህ ጎማውን በቀስታ አዙሩት።

አንድ ጎማ ነው ወይስ ሁለቱም?

ለእኔ ከምርመራው ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። ዕቃ ሳይፈታ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል።

አንድ ጎማ ብቻ ከያዘ ምክንያቱ የዚያ ጎማ የራሱ የሆነ ነገር ነው፦ ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ፣ የእሱ ላስቲክ ቱቦ፣ የእሱ ካሊፐር (ዲስኩን ነክሶ የሚይዘው ክፍል) ወይም የታምቡሩ ውስጥ። ግጭቱ የነካው ወገን ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሁለቱም ከያዙ ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ። እዚህ ላይ የመኪናውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በሕግም በልምድም የዛሬ መኪኖች የፍሬን ዘይት መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው። የፊት ጎማ በሚነዱ አብዛኞቹ መኪኖች ክፍፍሉ ሰያፍ ነው፤ የቀኝ ኋላ ከግራ ፊት ጋር፣ የግራ ኋላ ከቀኝ ፊት ጋር። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) የመጣ ችግር የኋላውን ብቻ ለይቶ አይዝም፤ አንድ የፊት ጎማንም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱ የኋላዎች ብቻ ከያዙና የፊቶቹ ነጻ ከሆኑ ጣቴን የምቀስረው ወደ እጅ ፍሬኑ ነው።

የኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች፣ በተለይ በፒክአፕና በጭነት ቫን ላይ፣ ክፍፍሉ ብዙ ጊዜ ፊትና ኋላ ነው። አክስሉም አንድ ወጥ ነው። እነዚህ ላይ ከቦዲው ወደ አክስሉ የሚወርድ አንድ ላስቲክ ቱቦ ብቻ ይኖራል፤ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች የሚመግበው እሱ ነው። አክስሉ በግጭት ሲገፋ ይህ ቱቦ ሊቆነጠጥ ወይም ሊጠመዘዝ ይችላል። ሁለት የኋላ ጎማ በአንድ ጊዜ ሲይዝ በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ይህን ቱቦ ሳታዩ ሌላ ነገር አትፍቱ።

አራቱም ጎማ ከያዘ ደግሞ ችግሩ ከኋላ አይደለም። የፍሬን ፔዳሉን፣ ሰርቮውን (የእግርን ኃይል የሚያግዘውን ክፍል) ወይም ማስተር ሲሊንደሩን ተመልከቱ። በተለይ የተገጨው ከፊት ከሆነ።

መጀመሪያ የምትለቁት፦ የእጅ ፍሬን

እንዲህ ጀምሩ። የእጅ ፍሬኑን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ብዙ ሹፌር ሲገጭ በድንጋጤ በኃይል ይስበዋል፤ የቆየ ገመድ ደግሞ በኃይል ከተሳበ በኋላ በሽፋኑ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እጀታው ወርዶ ገመዱ ግን ላይወርድ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ። በተለመደው የእጅ ፍሬን ላይ መብራቱ የሚያየው የእጀታውን ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ከስር ግቡና ገመዱን ከእጀታው ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ በዓይናችሁ ተከተሉት። የተጣመመ ወለል ጨቁኖት ይሆን? ማያዣው ተነቅሎ ከአክስሉና ከቦዲው መሃል ገብቶ ይሆን? የጭስ ማውጫው ተገፍቶ አርፎበት ይሆን? አንድ ሰው እጀታውን ሲስብና ሲለቅ እናንተ ገመዱን እዩ። በሁለቱም ወገን እኩል ሄዶ እኩል መመለስ አለበት። የማይመለሰው ወገን ላይ ችግር አለ።

ከዚያ ኃይሉን ከገመዱ ላይ አንሱ። የማስተካከያውን ዳዶ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ እጀታው ስር ወይም ከመኪናው ስር ሁለቱ ገመዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ገመዱ ላላ እስኪል ፍቱት፤ ስንት ዙር እንደፈታችሁ ጻፉ። ጎማው ከዞረ ምክንያቱን አገኛችሁ፦ ገመዱ ወይም የያዘው ነገር ነው። የተቆነጠጠ ወይም የታጠፈ ገመድ አይጠገንም። በዘይት አሽታችሁ አትመልሱት፤ ቀይሩት።

ዲስክ ባላቸው ብዙ መኪኖች ላይ ገመዱ ካሊፐሩ ጀርባ ያለች ትንሽ ክንድ ይስባል። ክንዷ ሲለቀቅ ወደ ማረፊያዋ መመለስ አለባት። ገመዱን ነጻ አድርጋችሁም ክንዷ ካልተመለሰች ችግሩ ካሊፐሩ ውስጥ ነው።

የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነ

ይህ ዓይነቱ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ አይለቅም። ፍሬኑን የሚስበው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አንዴ ከያዘ በኋላ ባትሪ ቢነቀልም እንደያዘ ይቀራል፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ ግጭት ሲደርስ ትንሽ ፈንጂ የባትሪውን ዋና ገመድ ሆን ብሎ ይቆርጣል። ራሱ መኪናው ፍሬን የሚይዝበት ጊዜም አለ። የ7ኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ይዞ ነበር፤ መኪናው ተንሸራቶ ሌላ ነገር እንዳይገጭ ነው። ዛሬ ብዙ አምራቾች ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ስለዚህ አዲስ መኪና ከተገጨ በኋላ ያዘ ማለት ሁልጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ባትሪውን ለኩ። ሙሉ የሆነና ያረፈ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት። ከዚያ ቁልፉን አብሩ፣ የፍሬን ፔዳሉን ርገጡ፣ የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫኑ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ያዳምጥ። ከሁለቱም ጎማ አጭር የሞተር ድምፅ መሰማት አለበት። ከአንዱ ብቻ ከተሰማ ዝም ያለው ወገን ሽቦ ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወጥቷል። ከሁለቱም ካልተሰማ ፊውዙን እዩ፣ ቀጥሎ በምርመራ መሣሪያ ኮዱን አንብቡ።

አንድ ነገር አደራ። ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስባችሁ ሞተሩን አታዙሩት። ኮምፒውተሩ የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል፤ ሽቦው አያውቅም። ውስጡ ያለውን ጥርስ ይሰብረዋል። ሞተሩ ካሊፐሩ ላይ የታሰረባቸው መኪኖች ላይ ሞተሩን አውርዶ ዘንጉን በእጅ ማዞር ይቻላል፤ ግን የዚያን መኪና መመሪያ ይዛችሁ ብቻ። ከዚያም በኋላ በመሣሪያ እንደገና ማስተካከል ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው፦ የታሰረ ግፊት

ገመዱ ላልቶም ጎማው ካልዞረ አሁን የፍሬን ዘይቱን እንጠይቃለን። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የፍሬን ላስቲክ ቱቦ ሲቆነጠጥ ወይም ውስጡ ሲላጥ ዘይቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ይጀምራል። እግራችሁ ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ዘይቱ አልፎ ይሄዳል፣ ፍሬኑም ይይዛል። እግራችሁን ስታነሱ ግን ዘይቱን የሚመልሰው ኃይል ደካማ ነው። በተቆነጠጠው ቦታ ማለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ቱቦው ከውጭ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ውስጡ ነውና።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከያዘው ጎማ ፍሬን ጀርባ ትንሽ የአየር ማስወጫ ቡሎን አለች። ጎሚኒዋን አንሱ፣ ዙሪያዋን አጽዱ። ቁልፉን አስገቡ፣ የሚያሳየውን ላስቲክ ሰኩባት፣ ጫፉን ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ አስጠንቅቁ። ከዚያ ቡሎኗን ሩብ ዙር ያህል ክፈቱ። ካልተፈታች አታስገድዷት፤ ተሰብራ ውስጥ ከቀረች ሌላ ሥራ ትፈጥራለች። የሚያላላ ዘይት ረጭታችሁ ጠብቁ።

ዘይቱ በኃይል ፈንጠር ብሎ ከወጣና ጎማው ወዲያው ከዞረ፣ የያዘው የታሰረ ግፊት ነበር። ዘይቱ ጠብ ጠብ ብቻ ካለና ጎማው ካልተነቃነቀ ግፊት የለም፤ የያዘው ብረት ነው። ወዲያው ቡሎኗን ዝጉ፣ አየር እንዳይገባ።

ግፊት ከሆነ አሁን የት እንደታሰረ እንፈልግ። ፔዳሉን አንዴ ርገጡና ልቀቁ። ጎማው እንደገና መያዝ አለበት። አሁን ግን የአየር ማስወጫዋን ሳይሆን፣ የብረት ቧንቧው ከላስቲክ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ (ወደ ሞተሩ ያለውን ጫፍ) በትንሹ አላሉት። ስሩ ላይ ጨርቅና ዕቃ አድርጉ።

ጎማው ካልተለቀቀ ዘይቱ የታሰረው ከዚያ ነጥብ ወደ ጎማው ባለው ወገን ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ላስቲክ ቱቦው ነው። ጎማው ከተለቀቀ ግን ቱቦው ነጻ ወጣ፤ ማነቆው ከዚያ በላይ ነው። በብረት ቧንቧው ላይ የታጠፈ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ ፈልጉ። ካላገኛችሁ እንደገና አስይዙትና ከኤቢኤስ ክፍሉ (ጎማ ተይዞ እንዳይንሸራተት የፍሬን ግፊቱን ከሚቆጣጠረው) የሚወጣውን መስመር ሞክሩ። ቀጥሎ ወደ ኤቢኤስ የሚገባውን። የሚገባውን ስታላሉ ጎማው ካልተለቀቀ፣ የሚወጣውን ስታላሉ ግን ከተለቀቀ፣ ማነቆው ኤቢኤስ ክፍሉ ነው። ሁለቱም ካስለቀቁት የቀረው ማስተር ሲሊንደሩ ነው።

ማስተር ሲሊንደር ላይ ከደረሳችሁ አንድ ቀላል ነገር ቀድማችሁ እዩ። የፍሬን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይመለሳል? ከፊት የተገጨ መኪና ላይ የሞተር ክፍሉ ግድግዳ በትንሹ ከተገፋ ፔዳሉ ወይም መግፊያ ዘንጉ ሁልጊዜ ትንሽ እንደተረገጠ ይቀራል። ያኔ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለችው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ስለማትከፈት ግፊቱ ይታሰራል። ማስተር ሲሊንደሩን ከሰርቮው ጋር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች አላልታችሁ ወደፊት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሳቡት። ጎማዎቹ ከተለቀቁ ችግሩ ከፔዳሉ፣ ከሰርቮው ወይም ከዘንጉ ነው። እሺ ካላለ ራሱ ማስተር ሲሊንደሩ።

የተቆነጠጠ ቱቦን ለማቅናት አትሞክሩ። ቀይሩት፤ የግራና የቀኙ ዕድሜ አንድ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ብትቀይሩ ይሻላል። የተጨፈለቀ የብረት ቧንቧም እንደዚያው።

ሦስተኛው፦ ብረት

ገመዱ ላላ፣ ግፊቱ ወጣ፣ ጎማው አሁንም ይዟል። አሁን መፍታት ተፈቅዷል።

ታምቡር ከሆነ ሸራዎቹን (ታምቡሩን ከውስጥ እየገፉ የሚያቆሙትን) ወደ ውስጥ መመለስ አለባችሁ። ከጀርባ ባለው የብረት ሳህን ላይ በጎሚኒ የተደፈነ ቀዳዳ ፈልጉ። በእሱ በኩል ባለጥርስ ማስተካከያው ይታያል። በአንድ ቀጭን ካቻቢቴ የያዘችውን ምላስ ገፋ አድርጋችሁ፣ በሌላው ጥርሱን አዙሩ። የግራና የቀኝ አዟዟሩ ይለያያል፤ ካጠበቀባችሁ ወደ ሌላው መልሱት። ታምቡሩ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ካሉ ልካቸው የሆነ ቡሎን (ብዙ ጊዜ 8 ሚሊሜትር) አስገቡና እየተፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ፤ ታምቡሩን ገፍተው ያወጡታል። ጠርዙን በመዶሻ አትምቱ፣ ይሰነጠቃል።

ሲከፈት አቧራውን በአየር አትንፉት። በአንዳንድ አሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ አለ። በፍሬን ማጽጃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ከዚያ እዩ፦ ከብረቱ ተላቆ የተወሸቀ ሸራ፣ ከቦታው የወጣ ሞላ፣ የተጣመመ የጀርባ ሳህን፣ የሚያፈስ ሲሊንደር። ጎማው ራሱ ከጎን ተመትቶ ከሆነ የጀርባ ሳህኑን በጥንቃቄ ተመልከቱ። በትንሹ ሲታጠፍ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በዘይት የራሰ ሸራም ይይዛል፤ አጽድቶ መመለስ አይቻልም።

ዲስክ ከሆነ የካሊፐሩ ተንሸራታች ዘንጎች በእጅ ወዲያና ወዲህ መሄድ አለባቸው። ካልሄዱ ዝገው ወይም ማያዣው ተጣሞ ነው። ፒስተኑን ወደ ውስጥ መልሱት፤ ግን ልብ በሉ፣ የእጅ ፍሬኑ በገመድ ካሊፐሩ ላይ የሚሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፒስተኑ እየተዞረ ነው የሚገባው። በኃይል ከተጫናችሁት ይሰበራል። ዲስኩ ተጣሟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በመለኪያ ሰዓት ለኩት። ገደቡን የመኪናው መመሪያ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር አይበልጥም። ከዲስኩ ጀርባ ያለው ቀጭን ቆርቆሮ ታጥፎ የሚነካ ከሆነ ይጮሃል እንጂ ጎማ አይዝም፤ በእጅ መልሱት። ኩሽኔታውንም አትርሱ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት።

ቆሞ ነጻ፣ ሲረገጥ ብቻ የሚይዝ ከሆነ

ይህ ሌላ በሽታ ነው። ጎማው በእጅ ይዞራል፣ ግን ፔዳሉን በመጠኑ ስትረግጡ የኋላው ቀድሞ ይያዛል፣ መኪናውም ጭራውን ይወረውራል። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ሲያዝ መኪና ይዞራል፤ ስለዚህ ይህን እንደ ቀላል አትዩት።

በፒክአፕና በቫን ላይ ከአክስሉ ወደ ቦዲው የተያያዘ ትንሽ ዘንግ ፈልጉ። የጭነቱን መጠን እየለካ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ ላይ ነው የታሰረው። ዘንጉ ሲጣመም ቫልቩ ባዶውን መኪና እንደተጫነ ሊቆጥረውና ከሚገባው በላይ ግፊት ሊልክ ይችላል። በአዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ የሚሠራው ኤቢኤስ ነው። የጎማ ፍጥነት ሴንሰሩ ሽቦ በግጭቱ ከተቆረጠ የኤቢኤስ መብራት ይበራል። ከእሱ ጋር ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ ግፊቱን በፊትና በኋላ የሚያከፋፍለው ሥርዓትም ቆሞ ሊሆን ስለሚችል መኪናው አይነዳ።

ከተለቀቀ በኋላ

መኪናው ጋራዥ መድረስ ካለበትና ጎማው ካልተለቀቀ አትጎትቱት። አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቶ የሚጭን መኪና አስጠሩ።

ጥገናው ካለቀ የእጅ ፍሬኑን ማስተካከያ መልሱ፤ የጻፋችሁት ቁጥር እዚህ ይጠቅማል። የዘይት መስመር ከፍታችሁ ከሆነ አየሩን አስወጡ፣ ቅደም ተከተሉን ከመመሪያው እዩ። የሚጨመረው ዘይት ክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም። ሞተሩ በርቶ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ያህል ጠንክራችሁ ርገጡ። ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ የሚያፈስ ነገር አለ። የጎማ ዳዶዎችን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ መመሪያው በሚለው ልክ አጥብቁ።

መጀመሪያ ባዶ ግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት ሞክሩት። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ፍሬን ብዙ ሳትጠቀሙ፣ ንዱና ቁሙ። እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፤ አትንኳቸው። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ የተሻለ ነው። የግራና የቀኙ የኋላ ጎማ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ለብቻው የሚግል ከሆነ አሁንም በትንሹ ይዟል፤ ወደ ግፊት ፈተናው ተመለሱ። ጎማዎቹ ተጎትተው ከሆነ አንድ ቦታ የተላጠ ካለ እዩ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ካለ ደግሞ የኋላ አክስሉ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የአራቱም ጎማ አላይመንት ይለካ።